ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ

አያ ገብረ ኪዳን በገዛ ቤታቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርረው የተገኙት በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ግንቦት አጋማሽ፣ ሰኞ ማለዳ ነበር። ጭንቅላታቸው የወፍጮው ድንጋይ ጠርዝ ላይ አርፏል። አጠገባቸው እንስራ ተሰብሯል፤ ከበላያቸው ወደ ቆጡ የሚያወጣው መሰላል ቆሟል። መጀመሪያ ያያቸው ሰው ሁሉ ከመሰላሉ ወድቀው ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከእንስራው ስብርባሪ መካከል የጣሊያን ሳሙና ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ወድቀው ነው የሚል ጠፋ።

ቀጋ ማርያም ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብላ፣ ቆላውን ከአፋፍ ላይ ሆና የምታይ ትንሽ መንደር ናት። ደብረ ማርቆስ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ ገጠሩ ግን ገና አልተገዛም። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ሞፈሩን ጥሎ ወደ ጥሻ ይሮጣል፤ ድምፁ ሲርቅ ይመለሳል፤ ተመልሶም ሥራ አይይዘውም። ከፋሲካ በኋላ ሶላቶዎችና ባንዳዎች ድንገት መጥተው በየቤቱ ገብተው ከበረበሩ ወዲህ ደግሞ፣ ማን መራቸው በሚል ጥርጣሬ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በጎሪጥ ይተያይ ጀምሯል።

ስለዚህ ሳሙናው ሲገኝ የሁሉም ዓይን ወደ ሥራነሽ ዞረ። ሥራነሽ የሟቹ የልጅ ሚስት ናት። ባሏ በጦርነቱ ከሞተ በኋላ መተዳደሪያ አጥታ ደብረ ማርቆስ ወርዳ በጣሊያኖች ምሽግ የሹማምንቱን ልብስ ስታጥብ ከረመች፤ ባለፈው ገና ግን ትታው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለአማቷ በየቀኑ ምግብ የምታመላልስ እሷ ነበረች። ሰው ይህን ሁሉ ረስቶ ምሽጉን ብቻ አስታወሰ። ከወይራው ግንድ ጋር አሰሯት፤ ለአካባቢው የጎበዝ አለቃም ላኩበት። እሱም ነገሩ እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ አለ። የተወሰደ ባንዳ ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም።

የደብሩ ቄስ አባ ፍሥሐ ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። ማንንም ሳያማክሩ በቅሎ አስጭነው ወይዘሮ የብርጓልን አስጠሩ።

ወይዘሮ የብርጓል በደብረ ማርቆስ ችሎት ለብዙ ዘመን ወምበር ሆነው የዳኙ ሰው ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ተቀምጠው ሙግት ሲሰሙ አድገዋል። አሁን አምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭንና አጭር፣ አንድ ቦታ ተረጋግተው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ጠላት ችሎቱን ከዘጋው ወዲህ የጎበዝ አለቃው የከበደውን ነገር ሁሉ ወደ እሳቸው ይልካል። ረፋዱ ላይ ደረሱ። ከበቅሏቸው ሲወርዱ የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ አልቀመሱም፤ መጀመሪያ ወደ ወይራው ሄደው ሥራነሽን አዩዋት፤ ገመዱን አላሉላት፤ ከዚያ አባ ፍሥሐን አስከትለው ወደ ሟቹ ቤት ገቡ።

ሬሳው ወደ መደቡ ተነሥቷል። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው። ወይዘሮ የብርጓል አጎንብሰው ወለሉን ተመለከቱ። ከእንስራው የፈሰሰው ውኃ አፈሩን አላቁጦት ኋላ ደርቋል፤ የእንስራው ስብርባሪ በደረቀው ጭቃ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። አንዱን ሲስቡት ጭቃ ይዞ ተነሣ። ሳሙናውን አምጡ አሉ። አመጡላቸው። አገላብጠው አዩት፤ የተጻፈበት የጣሊያን ፊደል ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ከሥሩም ንጹሕ ነው። መልሰው ሰጧቸው።

ከዚያ በመሰላሉ ወጡ። ቆጡ ላይ ጭድ ተነጥፎ ነበር፤ አሁን ግን ተገለባብጦ ግማሹ ወደ ጥግ ተቆልሏል።

«እዚህ ማን ይተኛ ነበር?» አሉ ከላይ ሆነው።

አባ ፍሥሐ ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ዓባይ የሚባል አርበኛ ከብርበራው በኋላ ከደብረ ማርቆስ እስር ቤት ሲያመልጥ ጭኑን በጥይት ተመቶ ነበር፤ አያ ገብረ ኪዳን ወስደው ቆጡ ላይ ደብቀውት ከረሙ። ቅዳሜ ማታ ግን ሽማግሌው ልባቸው አልረጋ ብሎ ቁልቁል ወዳለው ዋሻ አዛወሩት። ያዛወሩት ቄሱ ራሳቸው፣ ሥራነሽና የሟቹ የወንድም ልጅ አንሙት ናቸው። መዛወሩን ሌላ የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮ የብርጓል ወርደው የቤቱን ጥግ ጥግ ማየት ቀጠሉ። ከወፍጮው ወዲያ ትልቅ እንቅብ በጎኑ ተዘንብሎ ተደፍቷል፤ ጠርዙ ተሰብሯል። ቀይ እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ሰብስባ ከጓዳው ጋን ሥር ታጉረመርማለች። እንቅቡን ቀና ሲያደርጉት ከሥሩ አንዲት ጫጩት ተረግጣ ሞታ አገኙ። አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷት፤ ክንፏን ዘረጉ፤ ጀርባዋን እፍ እያሉ ገለጡ። ክንፏ ላባ ለብሷል፤ ጅራቷም ብቅ ብሏል። ጫንቃዋ ላይ አዲሱ ላባ ገና ከአገዳው እየፈነዳ ነው፤ በየላባው ጫፍ ያ የተፈለፈለች ዕለት የነበራት ለስላሳ ጸጉር እንደ ጥጥ ተንጠልጥሏል። ራሷና ደረቷ ግን እስካሁን ጸጉር ብቻ ነው። በአንደኛው ጫንቃዋ ላባው ተነቅሎ ቦታው ደም አርግዟል።

«አባ፣ ይህን እንቅብ ከእኔ በፊት ያነሣው ሰው አለ?»

«የለም። ሬሳውን ያነሣነው እኔና አንሙት ነን፤ ወደዚያ ጥግ የሄደ የለም።»

ወደ ሥራነሽ ተመለሱ። ልጅቱ ከንፈሯ ደርቋል፤ ይሁን እንጂ አላለቀሰችም። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ምሳ አብልታቸው፣ እንስራውን ሞልታ፣ ጫጩቶቹን ጭልፊት እንዳይነጥቃቸው በእንቅብ ደፍታ መውጣቷን ነገረቻቸው። ምሽት ሲሆን እንቅቡን አንሥተው ለእናታቸው የሚሰጧቸው ሽማግሌው ነበሩ። ያን ዕለት አላነሡትም፤ ስለዚህ የሞቱት ሳይመሽ ነው።

«ዶሮዋ እንዴት ተረፈች? መንደሩ ውስጥ ዶሮ ሲጮኽ አልሰማሁም።»

«ሶላቶዎቹ የሁሉንም ጠራርገው ወሰዱ፤ እሜቴ። የአያ ዶሮ ከጋኑ ኋላ እንቁላል ታቅፋ ስለነበር አላዩአትም። ከሳምንት በኋላ ፈለፈለች። በመንደሩ ያለን ዶሮ እሷ ብቻ ናት፤ አያም እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከቧቸው። ትናንት እንኳ አንዷን ይዘው ጫንቃዋ ላባ ማውጣቱን ሲያሳዩኝ ነበር።»

«ሳሙናውስ?»

«ከምሽጉ ያመጣሁት በጥምቀት አለቀ። ይህን አላውቀውም።»

አንሙትን ጠሩት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የማያርፍ ገበሬ ነው። ከአጎቱ ጋር በመሬት ድንበር ተጣልቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲጯጯኹ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ያንን ሳይጠየቅ ራሱ አወጣው። ተጣልቶ ሳለ እንኳ ቅዳሜ ማታ ቁስለኛውን አዝሎ ገደል መውረዱን፣ እሑድም ዋሻው ዘንድ ሲጠብቅ መዋሉን ተናገረ። ሳሙናውን ከስብርባሪው መካከል ያነሣው እሱ እንደሆነም አመነ።

«አንተ ነህ መጀመሪያ ያየኸው?»

አንሙት አሰበ። «አይደለሁም። ባላምባራስ ናቸው ከበሩ ሆነው ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው ያሉኝ።»

«ስታነሣው ጭቃ ነበረው?»

«አልነበረውም። እንዲሁ ነው ብድግ ያለልኝ።»

ባላምባራስ እንዳላማው የመንደሩ ሹም ናቸው፤ ጠላት ከመምጣቱ በፊትም፣ ከመጣ በኋላም። የተከበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው ታረቀኝ አምና ተይዞ ደብረ ማርቆስ ታስሯል፤ መንደሩ በዚህ ያዝንላቸዋል። ጥቁር በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ መጥተው ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ የብርጓል ግን አልተቀመጡም፤ ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር።

ባላምባራስ ስለ ሥራነሽ ክፉ አልተናገሩም፤ እንዲያውም ልጅ ናት፣ ችግር ነው እዚያ ያደረሳት አሉ። ወደ ሟቹ ቤት የገቡት መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ ሳያመነቱ መለሱ።

«ሶላቶዎቹ በመጡ ማግሥት፣ የጠፋውን ለማየት በየቤቱ ስዞር ገብቼ ነበር። ዶሮዋን እንቁላል ታቅፋ አይቼ ለማንም እንዳያወሩ መክሬያቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።»

«ዛሬ ጧትስ?»

«ሕዝቡን ልከለክል በሩ ላይ ቆምኩ እንጂ ደፉን አላለፍኩም። ጠይቂያቸው።»

«ከመንደሩስ ወጥተዋል? ገበያም ሆነ ለቅሶ?»

«በዚህ ጊዜ ማን ይወጣል? የወጣ ሁሉ ምሽግ ሄደ ይባላል። ከፋሲካ ወዲህ ከቀጋ ማርያም እግሬን አላነሣሁም።»

ወይዘሮ የብርጓል መመላለሳቸውን አቆሙ። «በርኖስዎ ላይ ጉድፍ አለ፤ ባላምባራስ» አሉና ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ከታጠፈው ጠርዝ፣ ከስፌቱ መሐል፣ አንድ ነገር ነቅለው አነሡላቸው። ባላምባራስ አመሰገኑ። ወይዘሮዋም ጉድፉን አልጣሉትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ደመነ። የጎበዝ አለቃው ሁለት ጠመንጃ ያዦች ሥራነሽን ሊወስዱ ደረሱ። ወይዘሮ የብርጓል ሕዝቡን በሟቹ ግቢ እንዲሰበስቡላቸው አባ ፍሥሐን ለመኑ፤ ቁስለኛው ዓባይም በቃሬዛ እንዲመጣ አደረጉ። ሰው ሲያየው ግቢው አንድ ጊዜ ተንሾካሾከ። ባላምባራስ ቁስለኛውን አዩትና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። የአውሮፕላን ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ሁሉም ቀና አለ፤ ድምፁ ወደ ቆላው አቅጣጫ እየራቀ ጠፋ።

«ብዙ አላቆያችሁም» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «ሦስት ነገር ብቻ ነው የማሳያችሁ። የመጀመሪያው ሳሙናው ነው። አያ ገብረ ኪዳን ሲወድቁ እንስራው ተሰብሮ ወለሉ ጭቃ ሆነ። የእንስራው ስብርባሪ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ተጣብቆ ደርቋል። ሳሙናው ግን ከመሐሉ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ። ውኃ ቢነካው ይሟሟ ነበር፤ ጭቃ ቢነካው ይዞ ይነሣ ነበር። እንግዲያው ሳሙናው የተቀመጠው ወለሉ ከደረቀ በኋላ፣ ሰው ሥራነሽን እንዲጠረጥር ታስቦ ነው። ሥራነሽ ራሷን ልታሳስር ሳሙና አታስቀምጥም።»

አንዱ ጠመንጃ ያዥ ወደ ወይራው አየ።

«ሁለተኛው የቆጡ ጭድ ነው። ገዳዩ ገለባብጦታል። ይህ ሰው እዚያ ተደብቆ ነበርና» አሉ ወደ ዓባይ እያመለከቱ፣ «የሚፈልገው እሱን ነው። ነገር ግን ዓባይ ቅዳሜ ማታ ተወስዷል። መወሰዱን አባ ፍሥሐ፣ ሥራነሽና አንሙት ያውቃሉ። የሌለ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጭድ አይበረብርም። ስለዚህ ሦስቱም ከዚህ ነገር ንጹሕ ናቸው። የገደላቸው መደበቁን የሰማ፣ መዛወሩን ግን ያልሰማ ሰው ነው።»

ከዚያ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ትንሿን ላባ በመዳፋቸው ላይ አወጡ፤ በሌላው እጃቸው የሞተችዋን ጫጩት ያዙ።

«ሦስተኛው ይህ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩ። የላባው ጫፍ ላይ የጫጩት ጸጉር አለ፤ ሥሩ ገና ከአገዳው አልወጣም፤ ደምም ደርቆበታል። የትልቅ ዶሮ ላባ እንዲህ አይደለም። ትናንት የተፈለፈለች ጫጩትም ጸጉር እንጂ ላባ የላትም። እንዲህ ያለ ላባ የሚገኘው ጸጉሯን እየጣለች ጫንቃዋ ላባ በሚያወጣበት ሰሞን ብቻ ነው፤ የአያ ገብረ ኪዳን ጫጩቶች አሁን እዚያ ላይ ናቸው። ይህቺ ከእንቅቡ ሥር ተረግጣ የሞተች ናት። ጫንቃዋ ላይ የጎደለውን ተመልከቱ። ላባውን ያገኘሁት በባላምባራስ እንዳላማው በርኖስ ጠርዝ፣ በስፌቱ ውስጥ ነው። እሳቸውም እያዩ ነው የነቀልኩት።»

ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ዶሮ ባለበት አገር ላባ የትም ይገኛል አሉ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው የረጋ ነበር።

«ዶሮ ባለበት አገር አዎ» አሉ ወይዘሮዋ። «በቀጋ ማርያም ግን ከዚህች ዶሮ በቀር የለም፤ ሶላቶዎቹ ወስደዋቸዋል። ወደዚህ ቤት የገባሁት ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋ ሳለ ነው አሉኝ። ከእንቁላል ላባ አይወጣም። ዛሬ ደፉን አላለፍኩም አሉ። ከመንደሩም አልወጣሁም አሉ፤ ወጥተው ከሆነ የት ነበሩ? እንግዲህ ትናንት ነው የገቡት። እንቅቡን የረገጡት ሲታገሉ ነው፤ በርኖስዎ ጫጩቷ ላይ ተጎተተ።»

ባላምባራስ በርኖሳቸውን አውልቀው አጥፈው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡትና ያለ ልመና ተናገሩ። ምሽጉ ዓባይን ከሰጠኸን ልጅህን እንለቅልሃለን ብሏቸዋል። ሥራነሽ የሁለት ሰው ምግብ ስታመላልስ አይተው ነበርና ቅዳሜ ጧት ዓባይ ቆጡ ላይ ነው ብለው ላኩ። ምሽጉም ማክሰኞ እንመጣለን፣ መጥተን ካጣነው ልጅህን እንሰቅለዋለን የሚል መልስ ሰደደ። እሑድ ከሰዓት ሰውየው መኖሩን በዓይናቸው ሊያዩ ገቡ። ገብረ ኪዳን ከመሰላሉ ሥር ያዟቸው።

«ልጅህ ሞቷል አለኝ» አሉ። «ለሞተ ሰው ብለህ በሕይወት ያለውን አትሽጥ አለኝ። ሰውየውን ሊያተርፍ የዋሸኝ መሰለኝ። ገፈተርኩት። ወደቀ። ወጥቼ ጭዱን በረበርኩ፤ ማንም የለም። ስወርድ አይተነፍስም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ምሽጉ የላከልኝን ሳሙና አስቀመጥኩ።»

ዓባይ ከቃሬዛው ላይ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ፊቱ በትኩሳት ገርጥቷል።

«አልዋሹዎትም፤ ባላምባራስ» አለ። «ለአያ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከታረቀኝ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። ከጥር በፊት ተስቦ ያዘው። ዓይኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አያ አባቱን እኔ ቀስ ብዬ አረዳቸዋለሁ፣ አንተ ዝም በል አሉኝ።»

ባላምባራስ ወደ ዓባይ ቀረቡ። ጠመንጃ ያዦቹ ሊይዟቸው ሲሉ ወይዘሮ የብርጓል በእጃቸው ከለከሉ።

«የት ተቀበረ?»

«አላየሁም። ጧት በካሚዮን ወሰዷቸው፤ ብዙ ነበሩ።»

ሽማግሌው መሬት ተቀመጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምሽጉ ዛሬ እንለቅልሃለን፣ ነገ እንለቅልሃለን ሲላቸው ልጁ ለወራት መቃብር ውስጥ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ለማዘንም ጊዜ አልነበረም። ሶላቶዎቹ ነገ ይመጣሉ። ሥራነሽን አንሙት ራሱ ሄዶ ፈታት፤ የታሰረችበትን እጇን እያሸች አማቷን ልትገንዝ ገባች። አያ ገብረ ኪዳን ፍትሐታቸው በጥድፊያ ተደርሶ ተቀበሩ፤ ሰው ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ከብቱና ወደ ጓዙ ሮጠ። ዓባይን መልሰው ወደ ቆላው አወረዱት። አንዱ ጠመንጃ ያዥ ባላምባራስን እዚሁ ልድፋቸው ወይ ብሎ ወይዘሮ የብርጓልን ጠየቀ።

«አይሆንም» አሉ። «በጎበዝ አለቃው ፊት ቆመው ይፈረድባቸው። ያለ ፍርድ የሚገድለው ምሽጉ ነው።»

ባላምባራስ እጃቸውን ታስረው ሲነሡ ወደ ወይዘሮዋ ተመለከቱ። «ባለቤቴ አመተ ሥላሴ አታውቅም» አሉ። «ስለ ልጁም፣ ስለ እኔም። ማን ይነግራታል?»

አባ ፍሥሐ አንገታቸውን ደፉ፤ በግቢው የቀሩት ጥቂት ሰዎችም አንድ በአንድ ጓዛቸውን ምክንያት እያደረጉ ወጡ። ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ሽቅብ ወደ ባላምባራስ ቤት ሄዱ። ጧት ከመጡ ጀምሮ እግራቸው እንዲህ ከብዷቸው አያውቅም።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከደጅ ቁርበት አንጥፈው ብቅል ያሰጡ ነበር። የመንደሩን ግርግር ሰምተዋል፤ ግን አልተነሡም። እንግዳይቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ግቢ እንጂ፤ ይቅርታ፣ ሥራ ይዞኝ ነው» አሉ። «ጠላ ልጠነስስ ነው። ታረቀኝ በዚህ ሰሞን ይፈታል ብሎኛል አባቱ። አንገት የሚያስደፋ ነገር እንዳይሆን፣ ለጎረቤቱም የሚበቃ መሆን አለበት።»

ወይዘሮ የብርጓል ቁርበቱ ጥግ ላይ ተቀመጡ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጣቸው ነበር። የሴትየዋን እጅ ከብቅሉ ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ከልጁ ጀመሩ።